ወደ ሳምባ የሚገባ እንፋሎት፤ በባሌ ደጋ የቤት ውስጥ አየርን በጥንቃቄ ስለ ማርጠብ

(ለሮቤ፣ ለጎባና ለአካባቢው ነዋሪዎች የተሰጠ ገለጻ)



የባሌ ደጋ ሰው ብርድን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ጎባ ደግሞ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሚያቋርጠው የሳነቴ አምባማ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በበጋው ወራት ሰማዩ ይጠራል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ አየሩም ይደርቃል። ያን ጊዜ የጉሮሮ መከርከር፣ የአፍንጫ መድማት፣ የከንፈር መሰንጠቅና ደረቅ ሳል ያልደረሰበት ቤት የለም። ዱሮ ይህን እንደ ከባድ ነገር የሚቆጥረው አልነበረም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ 19 ታማሚ ከተገኘ ወዲህ ግን ደረቅ ሳል የሰማ ቤተሰብ ይደነግጥ ጀመር፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ በእጁ ያገኘውን ሁሉ ይሞክራል።

ከሚሞከሩት መካከል ቀዳሚው እንፋሎት ነው። የባህር ዛፍ ቅጠል ወይም ዳማ ከሴ አፍልቶ፣ በጋቢ ተከናንቦ መታጠን ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ልማድ ነው። አሁን አሁን ደግሞ ከአዲስ አበባ የተገዛ ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የአየር ማርጠቢያ መሣሪያ፣ በተለምዶ ሂዩሚዲፋየር የሚባለው፣ በአንዳንድ ቤቶች ከአልጋው ራስጌ ተቀምጦ ይታያል። ይህ ገለጻ ሁለቱንም ይመለከታል፤ ይበልጡን ግን ስለ መሣሪያው ይናገራል። ቅጠል ማፍላትን ሁሉም ያውቀዋል፤ መሣሪያው ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ቤት የሚገባው ያለ አጠቃቀም መመሪያ፣ ወይም ማንም በማያነበው ቋንቋ ከተጻፈ ወረቀት ጋር ነው።

አስቀድሞ በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ። እንፋሎት የኮሮና ቫይረስን አይገድልም። ቫይረሱ የሚራባው በሰውነት ሕዋሳት ውስጥ ነው፤ ፊትንና ጉሮሮን ሳያቃጥል የሚሳብ እንፋሎት እዚያ ደርሶ ሊያጠፋው አይችልም። የረጠበ አየር ጥቅሙ ሌላ ነው። በአፍንጫና በአየር ቧንቧ ውስጥ አቧራንና ተሕዋስያንን እየያዘ የሚያስወጣ ቀጭን እርጥብ ሽፋን አለ፤ ይህ ሽፋን ሲደርቅ ሥራው ይዳከማል፣ ሳሉም ይብሳል። አየሩ በመጠኑ ሲረጥብ ሕመምተኛው እፎይታ ያገኛል፣ እንቅልፍም ይወስደዋል። ይህ ትንሽ ጥቅም አይደለም። ይሁን እንጂ ማስታገሻ እንጂ ፈውስ አይደለምና ማስክን፣ እጅ መታጠብን፣ ርቀት መጠበቅንና ምርመራን አይተካም።

ጥቅሙ ወደ ጉዳት የሚለወጠው በውኃው ምክንያት ነው። በብዛት የሚሸጡት አነስተኛ መሣሪያዎች ውኃውን አያፈሉትም፤ በፈጣን ንዝረት ሰባብረው እንደ ጉም ይበትኑታል። ስለዚህ በውኃው ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ባክቴሪያም ይሁን ሻጋታ፣ ጨውም ይሁን ኬሚካል፣ ከጉሙ ጋር ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ሳምባ ይገባል። የሚጠጣ ውኃ ሆድ ውስጥ ሲደርስ የጨጓራ አሲድ ያገኘዋል። ሳምባ እንዲህ ያለ መከላከያ የለውም። ከዚህ የተነሣ ለመሣሪያው የሚጨመረው ውኃ ከሚጠጣው ውኃ ቢበልጥ እንጂ ሊያንስ አይገባውም። ከጄሪካን የተቀዳ የወንዝ ውኃ፣ ሦስት ቀን በባልዲ የቆየ የቧንቧ ውኃ፣ ከጣራ የወረደ ዝናብ፣ እነዚህ ሁሉ እንዳሉ ሊጨመሩ አይገባም።

ውኃውን ማፍላት በማንኛውም ቤት የሚቻል ነው። ነገር ግን በባሌ ደጋ ከቆላው የተለየ ነገር አለ። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በባሕር ጠለል አጠገብ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በሮቤና በጎባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይንተከተካል፣ ሳነቴ ላይ ደግሞ ከ90 በታች ነው። ባቄላና ድንች በደጋ ለመብሰል ለምን እንደሚቆዩ የቤት እመቤቶች የሚያውቁት ምሥጢር ይኸው ነው። ስለዚህ ለዝቅተኛ ሥፍራ የሚሰጠው የአንድ ደቂቃ ምክር እዚህ አይበቃም። ከ2,000 ሜትር በላይ በሚገኝ ቦታ ውኃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ሙሉ እንዲፈላ ማድረግ ያስፈልጋል። ከዚያ እንደተከደነ ማቀዝቀዝና በንጹሕ ዕቃ መያዝ ይገባል።

ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ በውኃው ውስጥ የሟሟውን ማዕድን አያወጣም። በጠረጴዛና በመስተዋት ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካረፈ ምንጩ ይኸው ማዕድን ነው። ለከብት ጨውነቱ የሚወደድ የሆራ ውኃማ ለመሣሪያው ፈጽሞ አይሆንም። ማዕድን የሌለው የተጣራ ውኃ ከተገኘ የተሻለ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ግድ ይላል፤ ለመኪና ባትሪ ተብሎ የሚሸጠውን ውኃ «የተጣራ ነው» በማለት ለዚህ አገልግሎት ማዋል አይገባም። የባትሪ ውኃና የባትሪ አሲድ ተመሳሳይ ጠርሙስ ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ፤ የተሳሳተው ጠርሙስ ደግሞ ወደ ሳምባ የሚነፋ መርዝ ነው። የተጣራ ውኃ ካልተገኘ የፈላና የቀዘቀዘ ውኃ መጠቀም፣ ነጩን ዱቄትም በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

በወረርሽኙ ወቅት ከሁሉ ይልቅ ያሰጋ የነበረው ሌላ ነው። በየቤቱ በረኪና፣ አልኮልና ሳኒታይዘር ገብቶ ነበር። እጀታው፣ ወለሉ፣ ጫማው ሁሉ ይረጭ ነበር። እንግዲህ ሰው «ለምን አየሩንም አላጸዳውም?» ብሎ ከመሣሪያው ውኃ ላይ በረኪና ወይም አልኮል ጠብ ሊያደርግ ይችላል። ሐሳቡ ከፍቅር የመነጨ ነው፤ ውጤቱ ግን አስፈሪ ነው።

ይህ ከግምት የመጣ ስጋት አይደለም፤ የደቡብ ኮሪያ ሕዝብ በሕይወቱ የከፈለበት ነው። በዚያ አገር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እስከ 2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በአየር ማርጠቢያ ውኃ ውስጥ የሚጨመር ፀረ ተሕዋስያን ፈሳሽ በሱቅ በይፋ ይሸጥ ነበር። የገዙት ወላጆች ልጆቻቸውን ከበሽታ ለመጠበቅ ብለው ነው። በ2011 የጸደይ ወራት ምክንያቱ ያልታወቀ ከባድ የሳምባ ጉዳት ያጋጠማቸው ነፍሰ ጡሮችና አራሶች ወደ ሆስፒታል ሲመጡ ሐኪሞች ጉዳዩን አጠኑት፤ መንገዱም ወደ ፈሳሹ አደረሳቸው። ለዕቃ ማጠቢያነት ብዙ የማይጎዳው ኬሚካል በጉም መልክ ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፈስ የሳምባን ሥጋ አጠንክሮት ተገኘ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። ስለዚህ በውኃው ውስጥ ምንም ነገር አይጨመርም። በረኪና አይጨመርም፣ አልኮል አይጨመርም፣ ዴቶል አይጨመርም። ሽቶና የባህር ዛፍ ዘይትም ቢሆን አስም ያለበትን ሰውና ሕፃንን ሊያፍን ስለሚችል መቅረት አለበት።

የበረኪና ቦታ መሣሪያውን ማጠቢያ ላይ ነው፤ ያውም መሣሪያው ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ፣ ባዶ ሆኖ፣ ሰው በማይተኛበት ክፍል ወይም በደጅ። አጠባው እንዲህ ይከናወናል። በየቀኑ የተረፈው ውኃ ይደፋል፣ ማጠራቀሚያው ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል፣ አዲስ ውኃ ይሞላል። በትላንቱ ላይ መጨመር የተለመደ ስሕተት ነው፤ የቆመ ውኃ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በጣት ሲነካ የሚያዳልጥ ልባስ ያወጣል፣ ያም ልባስ የባክቴሪያ መኖሪያ ነው። መብራት ጠፍቶ መሣሪያው ሳይሠራ ካደረም ውኃው እንደ አዲስ ይለወጣል። በየሦስት ቀኑ በአቼቶ አሽቶ የተጋገረውን ነጭ ነገር ማስለቀቅ፣ ከዚያም ደጋግሞ ማለቅለቅ ያስፈልጋል። በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ በአራት ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ በረኪና በጥብጦ፣ ማጠራቀሚያውን ለሃያ ደቂቃ ያህል ዘፍዝፎ፣ የበረኪናው ሽታ እስኪጠፋ ድረስ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ይገባል። አቼቶና በረኪና በአንድ ላይ ፈጽሞ አይቀላቀሉም፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ራሱ ሳምባን ያቃጥላል።

እርጥበትም ሲበዛ ይጎዳል። በቤት ውስጥ ያለው የአየር እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። መለኪያው በሁሉም ቤት አይገኝም፤ ነገር ግን ጠዋት በመስኮቱ መስተዋት ላይ ውኃ ተንጠባጥቦ ከታየ፣ ኮርኒሱ ከጠቆረ ወይም የጭቃው ግድግዳ የሻጋታ ሽታ ካመጣ፣ አየሩ ከሚገባው በላይ ረጥቧልና መሣሪያውን ማቆም ነው። ጉሙ በቀጥታ ወደ ፊት እንዳይነፋም መሣሪያውን ከአልጋው አንድ ሁለት ሜትር ማራቅ፣ ልጆች ከማይደርሱበት ከፍ ያለ ቦታ ማኖር ይበጃል።

ቅጠል አፍልቶ መታጠንን በተመለከተ፣ ልማዱን ማጥላላት አያስፈልግም፤ አደጋውን ማሳየት ግን ተገቢ ነው። የፈላ ውኃ በያዘ ድስት ላይ በጋቢ የተሸፈነ ሕፃን ሲወራጭ ድስቱ ይገለበጣል። በ2020 በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ከተማ፣ በወረርሽኙ ፍርሃት ሲታጠኑ ተቃጥለው ወደ ሆስፒታል የመጡ ሕፃናት ቁጥር በእጅጉ ማሻቀቡን ሐኪሞች ጽፈዋል። ሕፃናትን በዚህ መንገድ ማጠን ከናካቴው መተው አለበት። አዋቂም ቢሆን ድስቱን ከእሳት አውርዶ፣ በማይወላገድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ጥቂት ከበረደ በኋላ ይጠቀም።

ከድስቱም የሚብሰው ከሥሩ ያለው ከሰል ነው። ለእንፋሎቱም ለሙቀቱም ተብሎ የከሰል ማንደጃ መኝታ ቤት ገብቶ በር ሲዘጋ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቤቱን ይሞላል። ራስ ምታት፣ ድካም፣ ማቅለሽለሽ ይከተላል፤ ቤተሰቡም «ኮሮና ያዘን» ብሎ በሩን ይበልጥ ይዘጋል። ሁሉም ሰው በአንድ ሌሊት በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመውና ወደ ደጅ ሲወጣ ከተሻለው፣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ከሰሉ ነው። ማንደጃው በደጅ ይቀጣጠል፣ በመኝታ ሰዓትም ከቤት ይውጣ።

መስኮት ክፈቱ የሚለው ምክር ለባሌ ሰው ቀላል አለመሆኑ ይታወቃል፤ በውርጭ ሌሊት መስኮት ክፍት አድርጎ የሚያድር የለም። ይሁን እንጂ ቫይረሱ የሚከማቸው በተዘጋ ቤት ውስጥ ነው፤ አየሩን ማርጠብ ደግሞ አየሩን መለወጥ አይደለም። ፀሐይ በሚሞቅበት በእኩለ ቀን ገደማ በርና መስኮትን በትይዩ ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ማናፈስ፣ ሕመምተኛ በተለየበት ክፍልም ይህንኑ በቀን ደጋግሞ ማድረግ ይቻላል። መሣሪያ የሌለው ቤተሰብ ታጥቦ የተጨመቀ ፎጣ በክፍሉ ውስጥ ቢያሰጣ አየሩ ይረጥባል። ሕመምተኛው ትኩስ ነገር፣ አጥሚት፣ ሾርባ ወይም ሻይ፣ ቶሎ ቶሎ ቢጠጣ ደግሞ ጉሮሮው ከየትኛውም መሣሪያ ባላነሰ ይለሰልሳል።

በሐኪም ትእዛዝ በቤቱ የኦክስጅን መሣሪያ የሚጠቀም ሕመምተኛ ካለ፣ በመሣሪያው ላይ ያለችው የውኃ ጠርሙስም በየቀኑ ታጥባ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ፣ ከተሠመረው ምልክት ሳያልፍ፣ ትሞላለች።

የደጋው አየር ከቆላው የሳሳ መሆኑም አይዘንጋ። በሮቤ ከፍታ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የትንፋሽ ማጠር፣ የማይለቅ የደረት ሕመም፣ የከንፈር መጥቆር ወይም ግራ መጋባት በታየ ጊዜ በእንፋሎት እየታጠኑ ማደር አይገባም። ያኔውኑ ማስክ አድርጎ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያና ወደ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ዝናቡ ጀምሮ አየሩ በራሱ ሲረጥብ መሣሪያው ሥራ ይፈታል። ያን ጊዜ ውኃው ተደፍቶ፣ ከላይ በተነገረው መንገድ ታጥቦ፣ ክፍሎቹ ተለያይተው በፀሐይ ይድረቁ፤ ክዳኑ ሳይገጠም በካርቶን ይቀመጥ። በሚመጣው በጋ ሲወጣም ከመሞላቱ በፊት እንደገና ይታጠብ።