ሰሚ ስለሌለው ድምፅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በጀጎል ቅጥር ውስጥ፥ ከፈረስ መጋላ ተነሥቶ ወደ ግድር መጋላ የሚወርድ አንድ ጠባብ መንገድ አለ። ስሙን መኪና ግርግር ይሉታል። ይህ ስም ከሹም ወይም ከጦር አለቃ የተገኘ አይደለም፤ በግራና በቀኝ ተቀምጠው የሚሠሩት ልብስ ሰፊዎች ከሚያሽከረክሩት የስፌት መኪና ድምፅ የተነሣ የወጣ ነው። እንግዲህ የዚህ ከተማ ሰዎች ጩኸት ምን እንደ ሆነ ጥንቱንም የሚያውቁ ናቸው። ነገር ግን ያወቁት በመንገድ ላይ ነው፤ ስም ያወጡለትም ለመንገዱ ነው። ከዚያ መንገድ ወደ ጎን ታጥፎ በአንዱ የግቢ በር የገባ ሰው፥ በሩ ከኋላው በተዘጋ ጊዜ ግርግሩ በውጭ ይቀርና የሰው ንግግር፥ የሙቀጫ ድምፅ፥ የሕፃን ሣቅ ይሰማው ነበር።

ይሰማው ነበር ማለታችን በከንቱ አይደለም። ዛሬ በሩን ዘግቶ የገባውን እንግዳ ሌላ ግርግር ይቀበለዋል። ይኸውም ከማለዳ ጀምሮ ሰው እስኪተኛ ድረስ ተከፍቶ የሚውለው ቴሌቪዥን ነው።

ቴሌቪዥን ማየትን ለመንቀፍ እንዳልተነሣን አስቀድመን እንገልጻለን። ሰው ተቀምጦ ዜና ቢሰማ፥ የኳስ ጨዋታ ቢመለከት፥ ልጆቹንም ሰብስቦ አንድ ታሪክ ቢያሳያቸውና ሲያበቃ ቢያጠፋው፥ በዚህ ነገር ከእርሱ ጋር ሙግት የለንም። የምንናገረው ማንም ሳያየው ስለሚጮኸው፥ ማን እንደ ከፈተው እንኳ ስለማይታወቀው ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማንም ሳይነካው በራሱ የሚጀምረውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ደግሞም መብራት በጠፋበት ሰዓት ቤተ ሰቡ በአንዲት ሻማ ዙሪያ ተሰብስቦ እንዴት እንደሚጫወት፥ አባት የልጅነቱን ነገር እንዴት እንደሚያነሣ ታውቃላችሁ። ከዚያም «መጣ!» የሚል ጩኸት ይሰማና የአባት ታሪክ ከመካከሉ ተቆርጦ ይቀራል።

በአገራችን የቴሌቪዥን ስርጭት በአዲስ አበባ የተጀመረው በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የሚታየው በማታ፥ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነበረ። መሣሪያው ያላቸው ሰዎች ጥቂቶች ስለ ነበሩ ጎረቤት ተጠራርቶ፥ ልጆችም መሬት ላይ ተደርድረው ይመለከቱ ነበር፤ ጣቢያው ሲዘጋ መስተዋቱ ይጨልምና ሁሉም ስላየው ነገር እየተነጋገረ ወደየቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ ያ መሣሪያ የሚናገርበትም ዝም የሚልበትም ሰዓት ነበረው። ዛሬ ግን በየጣሪያው ላይ የተተከለው ሳህን ሌሊትና ቀን የማይዘጉ ብዙ ጣቢያዎችን ያወርዳል። በ2008 ዓ.ም. ስርጭቱን የጀመረውን ቃናን የመሰሉ ጣቢያዎችም የውጭ አገር ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ያሰማሉ። ቀድሞ በባዕድ ቋንቋ ሲነገር ጆሮአችን ችላ ብሎ ያልፈው የነበረው ነገር፥ በምናውቀው ቋንቋ በተነገረን ጊዜ ሳንወድ ይስበናል። ወጥ የምትሠራው እኅታችን ጀርባዋን ሰጥታው ሳለች እንኳ፥ አይታት የማታውቅ ሴት ስታለቅስ ሰምታ ማማሰያዋን እንደ ያዘች ዞር ትላለች። ሽንኩርቱም ያራል።

በዚህች ከተማ ቅጥር ላይ ጅብ በሌሊት የሚገባባቸው ቀዳዳዎች እንዳሉ ታውቃላችሁ። የቀደሙት ሰዎች ለጅብ እንኳ መግቢያውን ለይተው ሰጥተውታል፤ እርሱም ሌሊት ገብቶ የወደቀውን አጥንት ለቅሞ ሳይነጋ ይወጣል። ለቴሌቪዥኑ ግን መግቢያም መውጫም ሰዓት ያበጀለት የለም።

አሁን የሐረሪ ወገኖቻችን ቤታቸውን እንዴት አድርገው እንደ ሠሩት እንመልከት። ግድግዳው የድንጋይ ነው፤ ፊቱንም ወደ ውስጥ ወደ ግቢው ይመልሳል እንጂ ለመንገዱ አይሰጥም። በትልቁ ክፍል ውስጥ ነደባ የሚባሉት መደቦች ከፍና ዝቅ ብለው ተሠርተዋል። አሚር ነደባ የሚባለው የቤቱ ባለቤት፥ ወይም የከበረ ሽማግሌ የሚቀመጥበት ነው፤ ሌላውም ሰው እንደ ዕድሜውና እንደ ማዕርጉ የየራሱ ስፍራ አለው። ይህ ሁሉ ለምን ተደረገ ያልን እንደ ሆነ፥ የተቀመጠው ሰው የሌላውን ፊት እንዲያይ፥ ታናሹ ታላቁን እንዲሰማ ነው እንላለን። ክርስቲያኑ የሚኖርበት የከተማው ቤት በአሠራሩ ቢለይም፥ በአባወራው ወንበርና በምድጃው ዙሪያ የነበረው ሥርዐት ከዚህ የራቀ አይደለም። ዛሬ ግን በገባንባቸው በብዙ ቤቶች ሁሉም ፊቱን የመለሰው ወደዚያው ወደ አንዱ መሣሪያ ነው። ሽማግሌው በክብር ስፍራቸው እንደ ተቀመጡ ናቸው፤ ሲናገሩ ግን የሚሰሟቸው ሰዎች ዐይን በትከሻቸው ላይ አልፎ ይሄዳል። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት ቅጥር ከነቤቶቹ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ መደቡ ላይ ተቀምጦ መነጋገርን ግን የሚጠብቅ መዝገብ የለም።

ይህ ነገር ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው ሕፃናትን ነው። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጡት አንድ ጥናት አለ። የአንድ፥ የሁለትና የሦስት ዓመት ዕድሜ ያላቸውን 50 ሕፃናት እየተራ መጫወቻ ወዳለበት ክፍል አስገቧቸው፤ ለአንድ ሰዓት ከተጫወቱት ውስጥ ግማሹን ሰዓት ለአዋቂዎች የተዘጋጀ ቴሌቪዥን በአጠገባቸው ተከፍቶ ነበር። ሕፃናቱ ቀና ብለው የሚመለከቱት ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነበረ፤ የሚባለውንም አያስተውሉትም። ሆኖም አንዱን ጨዋታ ይዘው የሚቆዩበት ጊዜ አጠረ፤ ልባቸውን ሰብስበው የሚጫወቱበትም ጊዜ አነሰ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሕፃኑ ኩብ በኩብ ላይ መደርደር ይጀምራል፤ ድምፁ በድንገት ይለወጣል፤ ቀና ይላል፤ ሲመለስ ምን ሊሠራ እንደ ነበረ ረስቶታል። ጨዋታ ደግሞ የሕፃን ሥራው ነው፤ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መያዝን የሚማረው በእርሱ ነው።

በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 329 ሕፃናትን ድምፅ የሚቀዳ ትንሽ መሣሪያ አስይዞ፥ በቤታቸው ምን እንደሚሰሙ ቈጠረ። ቴሌቪዥን በሚሰማበት በእያንዳንዱ ሰዓት ሕፃኑ ከአዋቂ ሰው የሚሰማው ቃል በ770 ያህል አንሶ ተገኘ። ልብ በሉ፤ ቤቱ በቃላት ተሞልቶ ሳለ ሕፃኑ የሚሰማው የወላጁ ቃል አነሰ። ቴሌቪዥኑ ይናገራል እንጂ ሕፃኑ ምን እንደሚመልስለት አይጠብቅም። በዚህች ከተማ የሚያድግ ልጅ ከአያቱ ሐረሪ፥ ከጎረቤቱ ኦሮምኛ፥ ከሰፈሩ ልጆች አማርኛ፥ ከገበያው ሶማሊኛ ሲሰማ ኖሯል። እነዚህን ሁሉ የተማረው ጠይቀውት ሲመልስ፥ ተሳስቶም ሲታረም ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዓመት ላልሞላው ሕፃን እንዲህ ያለውን መስኮት ማሳየት አይገባም ብሏል።

«ልጅ ይለምደዋል፤ እናንተስ ራሳችሁ በንባብ ቤት በጩኸት መካከል አልነበረም ወይ የተማራችሁት?» የሚሉን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኛም ደስ ብሎን እንመልስለታለን። እውነት ነው፤ በንባብ ቤት አንዱ ሀሁ ይላል፤ ሁለተኛው አቡጊዳ ይቈጥራል፤ ሦስተኛው ዳዊት ይደግማል፤ ሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው። በጀጎል ውስጥ ቁርኣን የሚቀሩትም ልጆች እንዲሁ ናቸው። ነገር ግን በዚያ ጩኸት ውስጥ የተማሪው የራሱ ድምፅ አለበት። የኔታም ዐይናቸውን የጨፈኑ መስለው ተቀምጠው ሳለ፥ ከሃያው ልጅ አንዱ አንዲት ፊደል ቢያጎድል በስሙ ጠርተው ይመልሱታል። ስለዚህ ያ ድምፅ ሰሚ ነበረው። መልመድ ያሉትም ቢሆን፥ አርሊን ብሮንዛፍት የተባሉ ሴት ተመራማሪ በ1975 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ከተማ ያገኙትን እናስታውሳለን። በአንድ ትምህርት ቤት፥ ባቡር በሚያልፍበት ወገን ባሉት ክፍሎች የሚማሩት ልጆች፥ ጸጥ ባለው ወገን ከሚማሩት በንባብ ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። ባቡሩን የለመዱት ይመስሉ ነበር። ሐዲዱና ክፍሎቹ ድምፅ እንዲቀንሱ ከተደረገ በኋላ ግን በኋላ የተደረገው ምርመራ ልዩነቱ መጥፋቱን አሳየ።

ከሕፃናት ቀጥለው የሚጎዱት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። በዚህ ነገር ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ብዙ ሰው አላስተዋለውምና።

በአንድ ወቅት ለጸሎት ወደ አንድ ቤት ጠርተውን ገባን። ልጆቻቸው፥ «አባታችን፥ እማማ ጃጅተውብናል፤ ስንጠይቃቸው አይመልሱም፤ ሲመልሱም ሌላ ነገር ነው» አሉን። እኒያ እናት በጥግ ተቀምጠው ነበር፤ ከፊታቸውም ቴሌቪዥኑ ይጮኻል። ለጸሎት ብለን እንዲያጠፉት አዘዝን። ጸሎቱ ካበቃ በኋላ ማንም ሊከፍተው አልተጣደፈም፤ እኛም ዝግ ብለን፥ «እናታችን፥ እንደ ምን ከረሙ?» አልናቸው። እርሳቸውም፥ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ዛሬ ሰው ሲናገር ሰማሁ» ብለው መለሱ። ከዚያም በኋላ የሟች ባለቤታቸውን ነገር፥ የተጋቡበትን ዓመት፥ የልጆቻቸውን የልደት ቀን በየተራው ነገሩን። ትልቁ ልጃቸው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ያለቅስ ነበር።

ሐኪሞች እንደሚያስረዱን የሰው ጆሮ በእርጅና ሲደክም አስቀድሞ የሚያጣው ንግግርን ከሌላ ድምፅ መካከል ለይቶ የማውጣትን ችሎታ ነው። ጸጥ ባለ ቤት ደኅና አድርገው የሚሰሙት አሮጊት፥ በጩኸት ውስጥ ግን ቃሉ ሁሉ ይደባለቅባቸዋል። መልሱ እንዳይሳሳትባቸው ዝም ይላሉ። ዝም ሲሉ ጃጁ ይባላሉ፤ ጃጁ ከተባሉ በኋላም የሚያናግራቸው አይገኝም።

ኀዘን በገባበት ቤት ቴሌቪዥኑ ይዘጋል፤ በጨርቅ የሚሸፍነውም አለ። ይህን ክርስቲያኑም እስላሙም ያደርጋል፤ መልካም ልማድ ነው። እንግዲያስ እኒያ እናት ሲሞቱ የሚሰጣቸውን ጸጥታ በሕይወት ሳሉ ለምን እንነፍጋቸዋለን?

የሳሙኤልን ታሪክ ታስታውሳላችሁ። ብላቴናው በመቅደስ ተኝቶ ሳለ በሌሊት ስሙ ሲጠራ ሰማ፤ ጌታ እንደ ጠራውም አላወቀም ነበርና ወደ ሽማግሌው ካህን ወደ ዔሊ ሮጠ። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ሮጠ። ዐይናቸው የፈዘዘ ሽማግሌና አንድ ልጅ በአንድ ቤት ነበሩ፤ ልጁ የሽማግሌው ድምፅ ነው ብሎ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ይሮጣል፤ ሽማግሌውም ጠሪው ማን እንደ ሆነ ያስተውሉለታል። ነቢዩ ኤልያስም በኮሬብ ተራራ ከነፋሱና ከእሳቱ በኋላ ያደመጠው ዝግ ያለ ድምፅ ነበር። እኛ ድምፅን የምንጠላ አይደለንም፤ ማሕሌታችን ከበሮና ጸናጽል አለው፤ በፈረስ መጋላ ያለው የመድኃኔ ዓለም ደወልም፥ የጎረቤቶቻችን አዛንም በየሰዓቱ ይሰማል። እነዚህ ግን ጠርተው ዝም ይላሉ።

ብቻዋን የምትኖር እኅታችን፥ «ቤቱ እንዳይጨንቀኝ ነው የምከፍተው» ብትለን አንገሥጻትም። የእርሷ ነገር የመሣሪያው ሳይሆን የእኛ የጎረቤቶቿ ነው፤ በሯን ማንኳኳት ያለብን እኛ ነን። ሌባ እንዳይገባ ብሎ ከፍቶ የሚሄደውንም አንሟገተውም፤ ሲመለስ ግን ይዝጋው።

ከባድ ሕግ ልንሰጣችሁ አልተነሣንም። ቡና ሲቀርብ፥ ከአቦሉ እስከ በረካው ድረስ ቴሌቪዥኑ ይዘጋ። ገበታ ሲቀርብም እንዲሁ። እንግዳ በር ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ሲል አስቀድማችሁ እርሱን ዝጉና ከዚያ «ደጆች!» በሉ። ልጅ ሊናገር አፉን የከፈተ እንደ ሆነ ድምፁን መቀነስ አይበቃም፤ አጥፉት። የጀጎል ግድግዳ ከጎረቤት ጋር የተጋጠመ ነውና የታመመ ሰው ከወዲያ ማዶ እንዳለ አስቡ።

ይህም ንግግር የሚደርሳችሁ በራዲዮ ነው። ሌላ ሥራ እየሠራችሁ፥ ሳትሰሙን ከፍታችሁት ከሆነ አንቀየማችሁም፤ ዝጉት። የሰማችሁንም ብትሆኑ አሁን ስለ ጨረስን ዝጉትና፥ በቤታችሁ ያሉት ሽማግሌ ቅድም ሊናገሩ ጀምረው የተዉት ነገር ምን እንደ ነበረ ጠይቋቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።