የመሬት መብት መተላለፍና የሰፋሪው ዋስትና



ገበሬ በድርቅ ምክንያት ለሰፈራ ሲነሣ፣ ትቶት የሚሄደው መሬት በሕግ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ ከስንቅና ከመጓጓዣ ዝግጅት የማያንስ ዐቢይ ጉዳይ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ንብረት ሲያደርግ፣ በሽያጭ፣ በልውጥ፣ በውርስ፣ በመያዣም ሆነ በኪራይ ማስተላለፍን ከለከለ፤ ገበሬው ሲሞት ግን የትዳር ጓደኛውና ልጆቹ በመሬቱ እንዲጠቀሙ ፈቀደ። በ1977 ዓ.ም. ከተጀመረው ሰፈራ በ1983 ዓ.ም. ወደ ትውልድ ቀዬያቸው ከተመለሱት ብዙዎቹን፣ ሊሸጡትም ሊያከራዩትም ያልቻሉት ማሳ ለሌላ ተደልድሎ ጠበቃቸው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የመሬትን ሽያጭና ልውጥ እንደተከለከለ ቢተወውም፣ ገበሬው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ያፈራውን ንብረት የመሸጥና የማውረስ መብት አረጋገጠለት። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 ኪራይን በገደብ ሲፈቅድ፣ ለሰፈራ የሄደ ሰው መሬት ለመሬት አልባዎች እንዲታደል ደነገገ። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ቢተካም ሽያጭ ዛሬም ክልክል ነው።

ስለሆነም በሰፈራ ምዝገባ ወቅት ሦስት ነገሮች በጽሑፍ ይስፈሩ፤ የይዞታው ስፋትና ወሰን ከባልና ከሚስት ስም ጋር፣ በላዩ ያለው ቤትና ተክል፣ እንዲሁም ይዞታው ሳይነካ የሚቆይበት ጊዜ። በቃል ብቻ የተሰጠ ተስፋ ለሚመለስ ገበሬ መከራከሪያ አይሆነውም።