ሙዝ፣ አቮካዶና ጓንት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



«ሙዝ ስበላ አፌን ያሳክከኛል» ለሚል ሰው የሚሰጠው የተለመደ ምክር «እንግዲያው ይተዉት» የሚል ነው። ምክሩ ስሕተት ባይኖርበትም ጎደሎ ነው፤ «የጎማ ጓንት ወይም ፊኛ ሲነካዎስ?» የሚለው ጥያቄ ይቀራልና።

ሙዝንና ጓንትን ምን አገናኛቸው? የላቴክስ ጓንት የሚሠራው ከጎማ ዛፍ ከሚቀዳው ወተት መሰል ፈሳሽ ነው። በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ፕሮቲኖች በሙዝ፣ በአቮካዶ፣ በኪዊና በፓፓያ ካሉት ጋር በቅርጽ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ አንዱን እንደ ጠላት መቁጠር የለመደ ሰውነት በሌላውም ሊቆጣ ይችላል። የስፔን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1994 ይህን ዝምድና ለይተው ስም ሰጥተውታል። የላቴክስ አለርጂ ካለባቸው ሰዎች ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት ለአንዳንድ ፍራፍሬና አትክልትም አለርጂ እንዳለባቸው ይገመታል። በአንጻሩ ሙዝ ያሳከከው ሁሉ ላቴክስ ይጎዳዋል ማለት አይደለም።

ጉዳዩ እኛን በቀጥታ ይመለከታል። በየዕለቱ ጓንት የሚያጠልቅ ባለሙያና ደጋግሞ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሕፃን ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ማደንዘዣ የወሰደ በሽተኛ የሐኪሙ ጓንት ሆድ ዕቃውን ሲነካ «አሳከከኝ» ሊል አይችልም፤ የሚናገረው የወረደው የደም ግፊቱ ነው። ስለዚህ ጥያቄው አስቀድሞ ይጠየቅ፤ መልሱም በካርዱ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ላቴክስ የሌለበት ጓንትም ይዘጋጅ። አደጋው ከደረሰ የመጀመሪያው መድኃኒት በጭን ጡንቻ የሚወጋ አድሬናሊን ነው፤ መጠኑም ለአዋቂ 0.5 ሚሊግራም ነው።

በሽተኛው ወደ ቤቱ ሲመለስም ምክር ያሻዋል። በጭማቂ ቤቶቻችን አቮካዶው፣ ማንጎውና ፓፓያው በአንድ መፍጫ ስለሚፈጩ፣ ማንጎ ብቻ ያዘዘ ሰው አቮካዶ ሊደርሰው ይችላል። ስለዚህ መፍጫው እንዲታጠብለት ከመጠየቅ ይልቅ ቢተወው ይሻላል። በሌላ በኩል፣ በፍርሃት ተነሣሥቶ ፍራፍሬና አትክልትን ሁሉ እንዲተው ማዘዝ በተለይ ጾመኛውን ይጎዳዋል። ያለ ችግር ሲመገበው የኖረው ጎመን፣ ምስርና ሽሮ ያለ ማስረጃ አይከልከል። የሚጎዳው ምግብ በስም ተለይቶ ይነገረው።

ወገኖቼ፣ ይህ ሁሉ የሚጀምረው ከአንዲት አጭር ጥያቄ ስለሆነ፣ በየምንሠራበት ክፍል የዘወትር ልማዳችን እናድርጋት ዘንድ በአክብሮት አሳስባለሁ።