ከመፈረም በፊት አንድ ጥያቄ



ከኢትዮጵያ መንገድ ተነስተን እናቶቻችንን ሐኪም ቤት የምናደርሰው እኛ ልጆች ነን፤ አስተርጓሚዎቹም እኛው። «ማዮማ ነው፣ ማህፀኑ ይወጣል» ሲባል እናት ታፍራለች፣ ልጅ አንገቱን ይደፋል፣ ወረቀቱ ይፈረማል።

ሌላም መንገድ አለ። እዚህ አገር «ጺንቱር» የምንለው ነው፤ ብዙዎቻችን ለልብ ብቻ ይመስለናል። ሐኪሙ በብሽሽት ወይም በእጅ አንጓ በኩል ቀጭን ቱቦ ያስገባና በራጅ ምስል እየተመራ ማዮማውን የሚመግበው የደም ሥር ጋ ይደርሳል። እንደ አሸዋ የደቀቀ ነገር ለቆ ደሙን ይዘጋበታል። ማዮማው በወራት ውስጥ እየተኮማተረ ይሄዳል። ሆድ አይከፈትም፣ ማህፀንም በቦታው ይቀራል።

ነገሩ የትናንት አይደለም። በ1964 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አንዲት የ82 ዓመት ባልቴት «እግሬን አላስቆርጥም» ቢሉ፣ ዶክተር ቻርልስ ዶተር የጠበበውን የደም ሥራቸውን በቱቦ አሰፋላቸው። በገዛ እግራቸው ሄዱ። እምቢታቸው ለኛም ተረፈ!

ለሁሉም ይሆናል አንልም። የመጀመሪያው ቀን ሕመሙ ይበረታል፤ ገና መውለድ የምታስብ ደግሞ ቀድማ በደንብ ትማከር። ግን «በጺንቱር አይሆንም ወይ?» ብሎ መጠየቅ ምን ነውር አለው? እማማ ለወንድ ልጅ መናገር ካፈሩ ሴት ልጅ አብራ ትግባ። ከሌለች ለማኅበራችን ንገሩን፤ አንዷ እህታችን ትመጣለች።