የሞተርና የእርሻ መሣሪያ ማቆያ ቤት፦ መስኮትና የቀን ብርሃንን አስቀድሞ ማቀድ

(በደቡብ ኦሞ ዞን በና ፀማይ ወረዳ፣ አልዱባ፣ ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ገለጻ)



በሥልጠና ስንገናኝ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ማሽላና ስለ በቆሎ፣ ስለ ሰሊጥ፣ ስለ ቀፎና ስለ ከብት ነው። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከማሳ ወጣ ያለ ነው። በግቢያችሁ ውስጥ ስለምትሠሩት የዕቃ ቤት ነው።

ቀደም ሲል የእርሻ ዕቃ ማለት ማረሻ፣ መቆፈሪያ፣ ገጀራና ማጭድ ነበር። እነዚህ ዛፍ ሥር ቢያድሩም ብዙ አይጎዱም። አሁን ግን ከእናንተ መካከል ሞተር ብስክሌት የገዛችሁ፣ የውኃ መሳቢያ ሞተር ያላችሁ፣ የመርጫ መሣሪያ የምትጠቀሙ አላችሁ። ባጃጅ ወይም መኪና ለመግዛት የምታስቡም አትጠፉም። ስለዚህ ብዙዎቻችሁ ማቆያ ቤት ሠርታችኋል፣ ወይም ልትሠሩ ነው። ከተማ ውስጥ የቤት ጋራዥ ይሉታል።

ግቢ ለግቢ ስዞር የማየው ቤት አንድ ዓይነት ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ በሩ አንድ፣ መስኮት የለውም። ለምን ብዬ ስጠይቅ ሦስት መልስ አገኛለሁ። አንዱ «ሌባ እንዳይገባ» ይላል። ሌላው «ሙቀት እንዳይገባ» ይላል። ሦስተኛው ይስቅና «ዕቃ ዓይን የለው፣ መስኮት ምን ያደርግለታል?» ይላል። ሦስቱም መልስ ይገባኛል። ዕቃው ዓይን ባይኖረውም ግን የሚጠግነው፣ ቤንዚን የሚቀዳው፣ መድኃኒቱን የሚያነሣው ሰው ነው። ሰው ደግሞ ካላየ መብራት ይዞ ይገባል። የዛሬው ትምህርት ፍሬ ነገር ይኸው ነው፦ ጨለማ የዕቃ ቤት እሳትን ይጋብዛል።

1. በራሴ ላይ የደረሰ

ከዓመታት በፊት በሌላ ወረዳ ስሠራ ለሞተር ብስክሌቴ ትንሽ ክፍል ሠራሁ። የግብርና ዲግሪ ይዣለሁ፤ ነገር ግን ስለ ቤት ማንንም አልጠየቅሁም። በሩን ወደ መንገዱ፣ ማለትም ወደ ምዕራብ አዞርሁት። መስኮት አላወጣሁለትም።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ገደማ ካርቡሬተር ፈትቼ እያጸዳሁ ነበር። ፀሐይ በበሩ ቀጥ ብላ ስለገባች ሙቀቱ አላስቀምጥ አለኝ። በሩን ገርበብ አደረግሁት። ያን ጊዜ ክፍሉ ጨለመ። ቤንዚን መሬት ላይ ፈስሷል፤ አንዲት ትንሽ ብሎን ጠፍታብኝ በእጄ እዳብሳለሁ። የ7 ዓመት ልጄ ስጨነቅ ሰምቶ «አባዬ፣ ላብራልህ» እያለ የተለኮሰ ኩራዝ ይዞ በሩ ላይ ደረሰ።

ጮኽሁበት። ደንግጦ ወደ ኋላ ሸሸና ኩራዙን ደጅ አፈር ላይ ጣለው። ማንም አልተጎዳም። መጀመሪያ ልጁን ተቆጣሁት። ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ልጁ ያደረገው እኛው ያስተማርነውን ነው፤ ጨለማ ላለበት ሰው መብራት አመጣ። ደጅ ሙሉ ፀሐይ እያለ በቀን 9 ሰዓት ኩራዝ የሚያስፈልገው ቤት የሠራሁት እኔ ነኝ። በማግስቱ ግድግዳውን ቀድጄ መስኮት አወጣሁ።

2. የአካባቢያችንን ፀሐይ እንወቅ

መስኮት የት ይውጣ የሚለውን የሚወስነው ፀሐይ ነው። አልዱባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 5 ዲግሪ ከጥቂት ላይ ትገኛለች። በዚህ ምክንያት ሦስት ነገር እናገኛለን።

አንደኛ፣ ቀንና ሌሊታችን ዓመቱን ሙሉ እኩል ሊባል ይችላል። ወደ 12 ሰዓት የሚጠጋ የቀን ብርሃን በነፃ አለን።

ሁለተኛ፣ የቀትር ፀሐይ በአናታችን ላይ ወዲያና ወዲህ ትሻገራለች። ከመስከረም እስከ መጋቢት መጨረሻ ባለው ጊዜ በቀትር ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ይህን ልብ በሉ፤ ምክንያቱም ቤት የምንሠራው ዝናብ በሌለበት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። ያን ጊዜ ፀሐይ በደቡብ ስለሆነች ሰሜኑ ግድግዳ ጥላ ነው። ሠሪው «ሰሜኑ ሁልጊዜ ጥላ ነው» ብሎ ያለ ክፈፍ ይተወዋል። ግንቦትና ሰኔ ሲመጣ ፀሐይዋ በዚያው በኩል ትገባበታለች። በበጋ ያያችሁት ጥላ የዓመቱን ግማሽ ብቻ ነው የሚነግራችሁ።

ሦስተኛ፣ ጠዋት ከምሥራቅ፣ ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ የምትመጣው ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትገባ ክፈፍ አያግዳትም። ይህ በየትኛውም ወር አይለወጥም። ይልቁንም የምዕራቡ ይከፋል፤ ቆርቆሮውና መሬቱ ቀኑን ሙሉ ሲግሉ ከዋሉ በኋላ ይጨመርበታል።

አቅጣጫውን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ቤቱ የሚሠራበት ቦታ ላይ ቀጥ ያለ ችካል ትከሉ። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የጥላው ጫፍ ያረፈበትን በድንጋይ ምልክት አድርጉ። ከቀትር በኋላ ደግሞ ጥላው ጠዋት የነበረውን ያህል ሲረዝም ጫፉን እንደገና ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ድንጋዮች መካከል የምትዘረጉት ገመድ ምሥራቅና ምዕራብን ያሳያችኋል።

3. የቤቱ አቀማመጥና የመስኮቱ ቦታ

የቤቱን ርዝመት በገመዱ ልክ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አድርጉት። ረጅሞቹ ግድግዳዎች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይዞራሉ። መስኮት የሚወጣው በእነዚህ በሁለቱ ነው። የምሥራቁና የምዕራቡ ግድግዳ ይደፈን። በሩም ከተቻለ በሰሜን ወይም በደቡብ ይሁን። ግቢው ካልፈቀደ ከምዕራብ ምሥራቅ ይሻላል።

መስኮቱን ከፍ አድርጉት። ብርሃን ወደ ክፍሉ ውስጥ የሚዘልቀው የመስኮቱ ራስ ካለበት ከፍታ 2 እጥፍ ያህል ነው። የመስኮቱ ራስ ከመሬት 2 ሜትር ከሆነ 3 ሜትር ስፋት ያለው ክፍል እስከ ግድግዳው ድረስ ይበራል። ዝቅ ያለ ትልቅ መስኮት ግን ደጃፉን ብቻ ያበራና ውስጡን ጨለማ ይተወዋል።

የሌባውም ጥያቄ እዚሁ ይመለሳል። የመስኮቱ ታች ከመሬት 1 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ ሲሆን መንገደኛ እያለፈ ውስጡን አያይም፤ ልጅም አይደርስበትም። ቁመቱ 2 ስንዝር ብቻ ሆኖ ብረት ወይም ጠንካራ እንጨት ከተሰካበት ሰው አያሾልክም። በላዩ ወንፊት ሽቦ ምቱበት፤ አይጥና እባብ ይከለክላል። መስታወት ግዴታ አይደለም። ከላይ ታጥፎ ወደ ውጭ የሚከፈት የእንጨት ወይም የቆርቆሮ መዝጊያ ይበቃል። ሲከፈት ራሱ ጥላ ይሆናል፤ ሲዘንብና ሲመሽ ይዘጋል።

ክፈፉን አትቆጥቡ። ቆርቆሮው በሰሜንም በደቡብም ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም አንድ ክንድ ከስንዝር ገደማ ወጣ ይበል። በታኅሣሥ አጋማሽ ቀትር ላይ ይህ ክፈፍ የደቡቡን ግድግዳ ከክፈፉ ጠርዝ ወደ ታች 1 ሜትር ያህል ያጠላዋል። ስለዚህ ከክፈፉ ሥር የተጠጋ ባለ 2 ስንዝር መስኮት የቀኑን አብዛኛውን ጊዜ ብርሃን እንጂ ፀሐይ አያስገባም። ክፈፉ በምርጉ ላይ የሚወርደውን ዝናብም ይከላከላል።

4. ስንት መስኮት ይበቃል?

ቀላሉ መለኪያ የወለሉ አንድ አሥረኛ ነው። የቤቱን ርዝመት በስፋቱ አባዙ፤ ለ10 አካፍሉ። የመስኮቶቹ ስፋት ሁሉ ተደምሮ ከዚያ እንዳያንስ።

ምሳሌ፦ 4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ቤት ወለሉ 12 ካሬ ሜትር ነው። የሚያስፈልገው መስኮት 1.2 ካሬ ሜትር ነው። ርዝመቱ 80፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ መስኮት በሰሜን 2፣ በደቡብ 2 ብታወጡ 1.28 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ይበቃል። ለመኪና 6 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል የምትሠሩ ከሆነ ወለሉ 21 ካሬ ሜትር ስለሆነ እንደዚህ ያለ መስኮት 7 ያስፈልጋችኋል። ወንፊት ሽቦ ትንሽ ብርሃን ስለሚቀንስ 8 አድርጉት።

ይህ ሁሉ ግድግዳው ከመመረጉ በፊት ይወሰን። ቋሚው ቆሞ ማገሩ ሲመታ የመስኮቱን ፍሬም አስገብታችሁ ማገሩን እዚያ ላይ ማቋረጥ ብቻ ነው። ውስጡን በኖራ ወይም በነጭ አፈር ቀቡት። ነጭ ግድግዳ በመስኮት የገባውን ብርሃን መልሶ ያሰራጨዋል፤ ጥቁር ጭቃ ይውጠዋል።

ጣሪያ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቆርቆሮ የምታስገቡ አላችሁ። ብርሃኑ ጥሩ ነው። ነገር ግን የእኛ ፀሐይ በአናት ላይ ስለምትቆም ሙቀቷንም ይዛ ትወርዳለች፤ ፕላስቲኩም በጊዜ ብዛት ይደርቅና ይሰነጠቃል። መስኮት ማውጣት ካልተቻለ አንድ ቁራጭ ብቻ አስገቡ፤ ከሥሩ ነዳጅ፣ ጎማ ወይም ማር አታስቀምጡ።

5. ለዓይን ብርሃን፣ ለሳንባ አየር

የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ ወጥቶ በመስኮት አይሄድም፤ ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ ከላይኛው መስኮት በተጨማሪ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ፊት ለፊት በሆኑ ሁለት ግድግዳዎች ላይ፣ ወንፊት ሽቦ የተመታባቸው ትንንሽ የአየር መውጫዎች ይኑሩ። የነዳጅ ጀሪካን ግን እዚያ ቤት ውስጥ አይደር። ከመኖሪያ ቤትና ከምድጃ ራቅ ያለ፣ ጥላ ያለውና ልጅ የማይደርስበት ቦታ ለብቻው ይቀመጥ።

መስኮት አለኝ ብላችሁ ደግሞ ሞተር ቤት ውስጥ አታስነሡ። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም፤ ሰው ሳያውቀው ይገድላል። የውኃ መሳቢያ ሞተርም ሆነ ጄኔሬተር የሚነሣው ደጅ ነው። ሞተር ብስክሌትንም ገፍታችሁ አውጥታችሁ አስነሡ።

6. ብርሃን የማይወዱ ዕቃዎች

በሰሜኑ መስኮት ሥር የመጠገኛ ጠረጴዛ አድርጉ። ስትቆሙ የራሳችሁ ጥላ ሥራው ላይ እንዳይወድቅ ብርሃኑ ከፊት ወይም ከጎን ይምጣ። ጎማ፣ የውኃ ቱቦ፣ ቀበቶና የፕላስቲክ መርጫ ፀሐይ ሲያገኛቸው ይደርቃሉ፤ ይሰነጠቃሉ። እነሱ በምሥራቁ ድፍን ግድግዳ በኩል ይደርደሩ። ማር ሙቀትና ብርሃን ሲያገኘው ይጠቁራል፣ ጥራቱም ይቀንሳል። ዘርም በሙቀት የመብቀል ኃይሉን ያጣል። ሁለቱም ከሞተርና ከነዳጅ ሽታ ርቀው ሌላ ቦታ ይቀመጡ። የተባይ መድኃኒት ከእህልም፣ ከዘርም፣ ከማርም ጋር አይደር፤ ቁልፍ ያለው የራሱ ቦታ ይኑረው። እዚያም ቢሆን በዕቃው ላይ የተጻፈው የሚነበብበት ብርሃን ያስፈልጋል። በጨለማ አንዱን ጠርሙስ ከሌላው ማሳሳት ማሳን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ያጠፋል።

7. ቤቱን ቀድሞ ለሠራ

አታፍርሱት። ጣሪያውን የተሸከመውን ቋሚ ሳትነኩ፣ በሁለት ቋሚዎች መካከል፣ በሰሜኑ ግድግዳ ከፍ አድርጋችሁ አንድ መስኮት ክፈቱ። በሚቀጥለው ሳምንት ፊት ለፊቱ በደቡብ ሌላ ጨምሩ። ክፈፉ አጭር ከሆነ ቁራጭ ቆርቆሮ ቀጥሉበት። በሩ ወደ ምዕራብ ከሆነ ፊቱ ላይ ዳስ ጣሉለት። ማታ መግባት ግድ ሲሆን በፀሐይ ኃይል የሚሞላ የእጅ መብራት ያዙ። ኩራዝ፣ ሻማ፣ ሲጋራና ክብሪት ከደጃፉ እንዳያልፉ ለቤተሰቡ ሁሉ ንገሩ፤ ለልጆች አስቀድማችሁ ንገሩ።

የቤት ሥራ

ከማክሰኞ ገበያ ስትመለሱ ይህን አድርጉ። በቀን 9 ሰዓት የዕቃ ቤታችሁ ውስጥ ግቡ። የመድኃኒት ዕቃ ላይ የተጻፈውን ወይም የሞተሩን ትንሽ ብሎን ያለ መብራት ለማየት ሞክሩ። ማንበብ የማትችሉ ልጃችሁን አስገቡና አስነብቡ። ካልታየ ቤቱ መስኮት ይፈልጋል ማለት ነው። ችካሉን ተክላችሁ፣ ገመዱን ዘርግታችሁ፣ የመስኮቱን ቦታ በከሰል ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጋችሁ ጠብቁኝ። ከልማት ጣቢያ ሠራተኞቻችን ጋር እየዞርን እናያለን። ሞዴል የተባላችሁት ጎረቤት እናንተን አይቶ ስለሚሠራ ነው። እናንተ አንድ መስኮት ስትከፍቱ ጎረቤታችሁም ይከፍታል፤ እንደ ልጄ ለማገዝ ብሎ ኩራዝ ይዞ የሚሮጥ ልጅም አይኖርም።