በጊዮን በዓል ላይ ያየነው



በ2016 ዓ.ም. ክረምት ጃፓን አገር ሄደን፣ በኪዮቶ ከተማ የሚገኘውን የያሳካን መቅደስ ስለ ጐበኘን፣ ያየነውን እንድንነግራችሁ ታዘናል።

ከመቅደሱ ቀይ በር ስንደርስ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። ወደ ሺንቶ መቅደስ የሚገባ ሰው አስቀድሞ እጁንና አፉን በውሃ ያጥባል፤ ከዚያም ሁለት ጊዜ እጅ ነሥቶ፣ ሁለት ጊዜ አጨብጭቦ፣ እንደ ገና አንድ ጊዜ እጅ ይነሣል። በሚስዮን ትምህርት ቤት መጽሐፍ ቅዱስ እየተማርን ያደግን ነንና፣ ግማሾቻችን «መታጠቡ የእንግዳ ወግ ነው» ስንል፣ ግማሾቻችን «በዚያ ከጀመርን ማጨብጨቡ ይከተላል» አልን። በመጨረሻ ታጥበን ገባን፤ ሳናጨበጭብም ቆምን። አንዲት አሮጊት ፈገግ ብለው ቦታ ለቀቁልን። ያፈርነው ያን ጊዜ ነው።

በዓሉ የተጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ869 ዓ.ም. ነው። ቸነፈር ሕዝቡን ስለ ፈጀ፣ በአገሩ አውራጃዎች ቁጥር ልክ 66 ጦሮች ተተክለው መቅሠፍቱ እንዲርቅ ጸሎት ተደረገ። ዛሬ በዓሉ የጁላይን ወር በሙሉ ይከበራል፤ የሠረገላዎቹ ሰልፍ በ17 እና በ24 ነው። እኛ የደረስንበት የመጀመሪያው፣ በእኛ ሐምሌ 10 ቀን ነበር። ሙቀቱን አንናገረውም።

ትልልቆቹ ሠረገላዎች እስከ 25 ሜትር ይረዝማሉ፤ እስከ 120 ኩንታል ያህል ይመዝናሉ። አካላቸው የቆመው በምስማር ሳይሆን በገመድ ታስሮ ነው። መንኰራኵራቸው ወደ ጐን ስለማይዞር፣ መታጠፊያ ላይ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ከሥር ይነጠፍና ውሃ ይፈስበታል፤ ጐታቾቹ ከጐን በገመድ ሲስቡት ሠረገላው እየተንሸራተተ ይዞራል። በአንድ ስበት አይሆንም። በተሳበ ቍጥር ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ በመቅደሱ እምቢ ያልነው እኛም አጨበጨብን።

ካንኮ ቦኮ የሚባለው ሠረገላ ሲመጣ ግን ዝም አልን። በፊቱ በተጋረደው ባለ ሥዕል ሥጋጃ ላይ አንዲት ሴት ለመንገደኛ ውሃ ታጠጣለች። ርብቃና የአብርሃም ሎሌ ናቸው፤ በኦሪት ዘፍጥረት 24ኛ ምዕራፍ ያነበብነው! ሥዕሉ በ16ኛው መቶ ዓመት በቤልጅግ አገር ከተሸመነ ሥጋጃ የመጣ ነው። የሠፈሩ ሰዎች ክርስትና በጃፓን በሕግ በተከለከለበት ዘመን እንኳ ሰቅለውት ይዞሩ ነበር።

በዚያው ማታ ሦስት የአማልክት ማደሪያዎች በትከሻ ተይዘው ከመቅደሱ ወጡ፤ በከተማው ውስጥ ሰባት ቀን አርፈው ይመለሳሉ። ከእኛ አንዱ «የከተራ ማታ መሰለኝ» ቢል ሌላው ተቈጣው። ክርክራቸው እስከ ማረፊያችን ድረስ ቀጠለ፤ እስከ ዛሬም አላለቀም።