አጭሩ ጠመንጃና የአሽዶድ ቤት
(በአማርኛው የሬዲዮ ዝግጅት የቀረበ ንግግር)

 

የዛሬው ንግግሬ አንድ ወንድማችን ባቀረበው ጥያቄ ላይ ነው። ይህ ወንድማችን ከመርከዝ ክሊታ ወጥቶ፣ ከመሬት እኩል የሆነ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ሥራው የሌሊት ፈረቃ ነው። አንድ ሌሊት እሱ በሥራ ላይ ሳለ፣ ሌባ በረንዳውን ዘሎ ገብቶ የባለቤቱን ቦርሳና የልጆቹን ብስክሌት ይዞ ሄደ። ባለቤቱ ከሦስት ልጆቿ ጋር በሚቀጥለው ክፍል ተኝታ ነበር። ነገሩ በደህና አለፈ። ሆኖም ከዚያ ወዲህ እሷ እንቅልፍ የላትም፣ እሱም በሥራ ቦታው ልቡ አይረጋም። በአሜሪካ ቨርጂኒያ የሚኖረው የአጎቱ ልጅ ይህን ሲሰማ የአንድ አጭር ጠመንጃ ፎቶግራፍ ላከለትና «እኔ ቤቴን የምጠብቀው በዚህ ነው፤ አንተም አንዱን ምረጥ» አለው። ወንድማችን እንግዲህ «የትኛው ይሻለኛል? ከየትስ ልግዛ?» ሲል ጠይቆናል።

በዚህ ጥያቄ የሚስቅ ካለ እኔ አልስቅም። በአባቴ ቤት አንድ አሮጌ ምንሽር ነበረ። ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ይውላል፤ አባቴ በሰንበት ዋዜማ በጨርቅ ይወለውለዋል። ጅብም ሽፍታም ቢመጣ ቤታችን ባዶ አለመሆኑን ያውቅ ነበር። በ2023 ክረምት ጎንደር ከተማ የተኩስ ድምፅ ሲሰማ ያደረ ሰው ደግሞ ጠመንጃ የሌለው ቤት ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ መጀመሪያ መሣሪያው ምን እንደሆነ እንነጋገር።

በፎቶግራፉ ላይ ያለው ፈረንጆቹ ሾትገን የሚሉት ነው። እንደ ክላሽ አንዲት ጥይት አይተኩስም፤ በአንድ ቀለህ ውስጥ የታጨቁ የእርሳስ ፍሬዎችን በአንድ ጊዜ ይረጫል። መጀመሪያ የተሠራው ለወፍና ለአውሬ አደን ነው። በአሜሪካ ለቤት መጠበቂያ ብለው የሚያጎርሱት የተለመደው ቀለህ ስምንት ወይም ዘጠኝ ፍሬዎች አሉት፤ እያንዳንዷ ፍሬ የሽምብራ ያህል ናት። ከፊል አውቶማቲክ የሚባለው፣ ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንድ ጊዜ ተኩሶ፣ ባዶውን ቀለህ ራሱ አውጥቶ ሌላውን ራሱ የሚያጎርስ ነው። አጭር መሆኑ የተወደደው በኮሪደርና በበር መካከል ለመዞር ስለሚቀል ነው። የአሜሪካ ሕግ ግን ያለ ልዩ ምዝገባ የሾትገን አፈሙዝ ከ46 ሳንቲሜትር፣ ጠቅላላ ርዝመቱም ከ66 ሳንቲሜትር እንዲያንስ አይፈቅድም። ስለዚህ ሠሪዎቹ አንድ ዘዴ አመጡ፤ ማጉረሻውን ከምላጩ በስተኋላ፣ በሰደፉ ውስጥ ከተቱት።

የሚገርመው፣ ከእነዚህ አጫጭር ሾትገኖች በጣም ከታወቁት አንዱ የተወጠነው በዚሁ በእኛ አገር ነው። ታቮር ቲ ኤስ 12 ይባላል። አይ ደብልዩ አይ የተባለው የቂርያት ጋት ኩባንያ በ2018 አስተዋወቀው። ርዝመቱ 72 ሳንቲሜትር፣ ክብደቱ ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል ሲሆን፣ አምስት አምስት ቀለህ በሚይዙ ሦስት ቱቦዎች 15 ቀለህ ይጎርሳል። ቂርያት ጋት ከአሽዶድ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ ዘመድ የሌለን ጥቂቶች ነን። ነገር ግን ያ ጠመንጃ የተሠራው ለአሜሪካ ገዢ ነው። በቨርጂኒያ ያለው የአጎትህ ልጅ ከሱቅ ይገዛዋል፤ አንተ ግን ወንድሜ፣ ፋብሪካው ደጃፍ ብትቆምም ለቤት መጠበቂያ አይሸጡልህም።

ምክንያቱ ይህ ነው። በእስራኤል የጦር መሣሪያ ሕግ ከ1949 ጀምሮ የጸና ነው። መሣሪያ መያዝ መብት አይደለም፤ መንግሥት ለምክንያት የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ለግል መጠበቂያ የሚፈቀደው አንድ ሽጉጥ ነው። የአደን ጠመንጃ የሚፈቀደው ለአዳኞችና ለመሳሰሉት የተለየ ሥራ ላላቸው ሰዎች ነው። ለሽጉጥም ቢሆን አመልካቹ በአገር ውስጥ ሦስት ዓመት በተከታታይ የኖረ፣ ዕብራይስጥ በመጠኑ የሚያውቅ፣ ሐኪም ጤናውን የመሰከረለት መሆን አለበት። ዕድሜው እንደ ውትድርና አገልግሎቱ ይለያያል፤ ምንም ያላገለገለ ዜጋ 27 ዓመት መሙላት ይጠበቅበታል። ከዚያም የሚኖርበት ወይም የሚሠራበት ቦታ ተቆጥሮ፣ ወይም የውጊያ ሥልጠናው ታይቶ ነው የሚፈቀድለት። ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 በኋላ ደንቡ ብዙ ላልቷል፤ የሚፈቀደው ጥይትም ከ50 ወደ 100 አድጓል። ቢሆንም ለአንተ፣ ከመጣህ ዓመት ከመንፈቅ ለሆነህ ሰው፣ በሩ ገና አልተከፈተም።

«ታዲያ በጓሮ በኩልስ?» የሚል አይጠፋም። በመኪና ማቆሚያ ቦታ ቀርቦ «በርካሽ አለ» የሚልህ ሰው ወዳጅህ አይደለም። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ እስከ ሰባት ዓመት፣ ይዞ መንቀሳቀስ እስከ አሥር ዓመት ያስቀጣል። ዘመድህ ከአሜሪካ የዕቃውን ቁራጭ ወይም ቀለህ በፖስታ ቢልክልህ እንኳ፣ ቁራጩና ጥይቱ ለብቻው እስከ ሦስት ዓመት ያስፈርዳል። አምስት ነፍስ የሚያበላ ሰው በሌባ ብስክሌት ምክንያት እስር ቤት ቢገባ፣ ሌባው ሁለት ጊዜ ሰረቀው ማለት ነው።

ይሁንና በሕጉ ብቻ ላሰናብትህ አልፈልግም። ሕጉ ቢፈቅድስ ኖሮ? የአባቴ ምንሽር የተሰቀለበት ጎጆ ዙሪያው ማሳ ነበር። ያንተ ቤት ግን በቀኝም በግራም ሰው የተኛበት ነው። ብዙ ሰው ሾትገን ዐልሞ መተኮስ አያሻውም፣ እሳቱ ቤቱን ሁሉ ይሞላል ይላል። ስህተት ነው። በሳሎንህ ርዝመት፣ በአምስት ሜትር ያህል፣ ያ ሁሉ ፍሬ የሚበተነው ከአንድ መዳፍ እምብዛም በማይበልጥ ቦታ ነው። የሳተ እንደሆነ ደግሞ የጂፕሰሙን ግድግዳ በስቶ ያልፋል። ከግድግዳው ወዲያ ማን እንደተኛ አንተ ታውቃለህ። ሌሊት ሰባት ሰዓት በጨለማ ኮሪደር የሚመጣው ጥላ ሌባው ነው ወይስ ውሃ ሊጠጣ የተነሣው ልጅህ? ደግሞም አትርሳ፣ ሌባው ሲገባ አንተ ሥራ ላይ ነበርህ። ጠመንጃው ቤት ቢኖር ኖሮ፣ ወይ ልጆች የሚደርሱበት ቦታ ይሆን ነበር፣ ወይ ተቆልፎ ቁልፉ አንተ ኪስ ውስጥ ይሆን ነበር።

ስለ ሕጋዊው መከላከልም አንድ ነገር ልጨምር። በጃንዋሪ 2007 ሻይ ድሮሚ የተባለ የኔጌቭ ገበሬ ሌሊት ወደ እርሻው በገቡ ሰዎች ላይ ተኩሶ አንዱን ገደለ። አገሩ ሁሉ ተከራከረበት። በ2008 ክኔሴት በስሙ የሚጠራውን ሕግ አወጣ። ይኸውም ወንጀል ሊሠራ ወደ ቤት፣ ወደ ሱቅ ወይም ወደ እርሻ ሰብሮ የገባን ሰው ለመመለስ በዚያች ሰዓት የግድ የሚያስፈልገውን ያደረገ ሰው በወንጀል አይጠየቅም፤ ያደረገው በግልጽ ከአግባብ የወጣ ካልሆነ በቀር ይላል። በ2009 ፍርድ ቤቱ ድሮሚን ከግድያው ክስ ነፃ አወጣው። ነገር ግን ጠመንጃው ፈቃድ ስላልነበረው በዚያው ጥፋተኛ አለው። የሸሸን ሌባ ከኋላው መተኮስ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ብስክሌት ይዞ ለሚሮጥ ሰው ይህ ሕግ ይጠብቀኛል ብሎ መተማመን አይገባም።

አሁን ደግሞ በሬዲዮ ለመናገር የሚከብደኝን ልናገር። ብዙ ወንድሞቻችን በሽሚራ ሥራ፣ በሱፐርማርኬትና በትምህርት ቤት በር ላይ ቆመው ቤተሰብ አሳድገዋል። ለዓመታት የሥራውን ሽጉጥ ይዘው ወደ ቤት ይገቡ ነበር። በየሴቶች ድርጅቱ ያሉ ሰዎች ከ2010 ጀምሮ «ሽጉጡ በማእድ ቤት ጠረጴዛ ላይ» ብለው የጮኹት በእነዚህ መሣሪያዎች ሚስቶችና ዘመዶች ስለተገደሉ ነው። በ2013 መንግሥት ጠባቂዎች መሣሪያውን በሥራ ቦታ ትተው እንዲሄዱ አዘዘ፤ ከ2015ቱ የስለት ጥቃቶች በኋላ እንደገና ላላ። በእኛ ማኅበረሰብ ይህ ቁስል የት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጠንበታል። ሥራ ያጣ፣ ቋንቋ የከበደው፣ ክብሩ የተነካ መስሎ የተሰማው ሰው ባለበት ቤት መሣሪያ የሚዞረው ወደ በሩ ላይሆን ይችላል። በቤቷ የምትፈራ እህት ካለች 118 ትደውል፤ አሁኑኑ አደጋ ካለ 100።

ታዲያ ቤትህን በምን ትጠብቅ? ሌባው በበረንዳ ነው የገባው። እንግዲያውስ ገንዘቡ በረንዳው ላይ ይውጣ። ከመሬት እኩል ለሆነ ቤት ሶራጊም፣ ማለት የመስኮት ብረት፣ ይገባል፤ አንዱ ግን ከውስጥ የሚከፈት ይሁን፣ እሳት ቢነሣ መውጫ እንዳይጠፋ። ባለቤቱን ጠይቀው፤ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቀው። የተንሸራታቹ በር ሐዲድ ውስጥ የሚገባ እንጨት እንኳ በርካሽ ብዙ ይሠራል። በንቅናቄ የሚበራ መብራትም አስገባ። ጎረቤትህን ተዋወቅ፤ ከሩሲያ ይምጣ ከሞሮኮ፣ የስልክ ቁጥሩን ያዝ። ባለቤትህም በዕብራይስጥ ይህችን አረፍተ ነገር ትለማመድ፦ «ዬሽ ፖሬጽ ባባይት»፤ ቤት ውስጥ ሌባ አለ ማለት ነው። ከዚያ የመንገዱን ስም፣ የቤቱን ቁጥርና የዲራውን ቁጥር። በወረቀት ጻፉትና ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት።

ማማድ ካለህ ደግሞ ለሁለት ነገር ይሆንሃል። በአሽዶድ ሳይረን ሲጮህ ያለን 45 ሴኮንድ እንደሆነ ልጆቻችሁ ከእናንተ ቀድመው ተምረውታል። ማማድ በአዲስ ቤቶች ግዴታ የሆነው ከ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ፣ በ1992 ነው፤ ስለዚህ በአሮጌዎቹ ሮቫዎች ብዙ ቤት የለውም። በሩ የተሠራው ፍንዳታ እንዲችል እንጂ ሰው እንዳይገባ አልነበረም። በኦክቶበር 7 በጋዛ ዙሪያ ያሉ ሰዎች መያዣውን በእጃቸው ጨብጠው ለሰዓታት የታገሉት ስለዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ ለማማድ በር የሚሆኑ መቆለፊያዎች ወጥተዋል፤ ከመግዛትህ በፊት የፒኩድ ሃኦሬፍን መመሪያ ተመልከት ወይም 104 ደውለህ ጠይቅ፤ የተሳሳተ ቁልፍ በሩን ሊያበላሽ ይችላልና። ሌሊት ድምፅ ከተሰማ እናትየው ልጆቹን ይዛ፣ ስልኳን ይዛ እዚያ ትግባ። ቦርሳውን ሌባው ይውሰደው።

ወንድማችን በመጨረሻ እንዲህ ሲል ጨምሯል፦ «ታላቁ ልጄ ወታደር ነው፤ ዓርብ ዓርብ ኤም 16 ይዞ ይመጣል። ይህስ?» መልካም ጥያቄ ነው፤ ምናልባት ከመጀመሪያው ይበልጣል። የሠራዊቱ ትእዛዝ ልጁ መሣሪያውን ይዞ ካልወጣ ከሁለት ቁልፍ በስተጀርባ ይቀመጥ ነው። አልጋ ሥር ወይም ቁም ሣጥን ላይ አይደለም። ታናናሾቹ አይንኩት፤ «አንዴ ላንሣው» ለፎቶግራፍም ቢሆን አይሆንም። ሠራዊቱ ራሱ በ2006 ብዙ ወታደሮች ለሰንበት ሲወጡ መሣሪያቸውን በካምፕ ትተው እንዲሄዱ አደረገ። ከዚያ በኋላ ራሳቸውን ያጠፉ ወታደሮች ቁጥር በ40 በመቶ ቀነሰ፤ የቀነሰውም በሰንበት ቀኖች ነው፣ በሥራ ቀኖች የጎላ ለውጥ አልታየም። ይህን ያጠኑት የሠራዊቱ ሐኪሞች ናቸው። ስለዚህ ልጃችሁ ዓርብ ማታ ዝም ካለ፣ ምግብ ከተወ፣ ጠመንጃውን ብቻ አትቁጠሩ፤ አጠገቡ ተቀምጣችሁ «ምን ሆንህ ልጄ?» በሉት። ለእናንተ መናገር ከከበደው በ1201 ኤራን ሌት ተቀን ይሰማዋል፤ ለክፍሉ አዛዥ ወይም ለካባን፣ ማለት ለሠራዊቱ የአእምሮ ጤና ባለሙያ፣ ወላጅ መደወል ይችላል። ሁለተኛውን ቁልፍ ደግሞ እናትየው ትያዘው።